በዌብ ሳይታችን ላይ የሚቆፍረው ሰውዬ

እኔ ሲፈጥረኝ ቶሎ የምሞቅ ሰው ነኝ። ሌላው ገና «እስቲ እናስብበት» ሲል እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ሥራውን ጨርሼ፣ ተጨብጭቦልኝ፣ ምስጋናዬን ተቀብዬ ቤቴ ገብቻለሁ። በሐሳቤ ማለቴ ነው። እናቴ በልጅነቴ «ይኼ ልጅ ውኃው ሳይጣድ ነው የሚፈላው» ትለኝ ነበር። ያኔ የምታሞግሰኝ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ኢንተርኔት አዲስ አበባ ገብቶ ገና እንደ ሩቅ አገር ዘመድ በአድናቆት የሚታይበት ጊዜ። «ድረ ገጽ» የሚለው ቃል እኛ ሰፈር ስላልደረሰ ሁላችንም «ዌብ ሳይት» ነበር የምንለው፤ አንዳንዱም ለአክብሮት «ዌብ ሳይቱ» ሳይሆን «ዌብ ሳይታችን» ይል ነበር። እኔ ቦሌ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን ተዉት፣ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል እሠራ ነበር። ሕዝብ ግንኙነት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ እለጥፋለሁ፣ ጊዜው ያለፈበትን እልጣለሁ። እንግዳ ሲመጣ ካሜራ አንግቤ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ፊልም ባለቀብኝ ጊዜ እንኳን በባዶ ካሜራ ብልጭ ብልጭ እያደረግኩ ማንንም ሳላስቀይም እሸኛለሁ።

ቢሮዬ ከፕሬዚዳንታችን ከዶክተር ተፈራ ቢሮ ፊት ለፊት ነበር። ከዶክተሩ በር ላይ ደግሞ ጸሐፊያቸው አልማዝ ትቀመጣለች። ስለ አልማዝ ብዙ አላወራም። በሬን ሁልጊዜ ክፍት አድርጌ የምሠራው ግን ለነፋሱ ብዬ እንዳልነበረ ልብ በሉልኝ።

አንድ ጊዜ ዶክተር ተፈራ ለስብሰባ ውጭ አገር ሄዱ። እዚያ አንድ የሥራ ባልደረባቸው «እስቲ የእናንተን ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት አሳየኝ» ይላቸዋል። እሳቸውም ደረታቸውን ነፋ አድርገው አድራሻውን ይነግሩታል። ይከፈታል። የሚታየው የዩኒቨርሲቲያችን ስም ነው። ከስሙ በታች ደግሞ ቢጫ ሄልሜት ያደረገ፣ አካፋ የያዘ አንድ የካርቱን ሰውዬ አለ፤ ይቆፍራል። ሌላ ምንም የለም። «ግንባታ ላይ ነን» ለማለት ነው። ሥራውን የጀመረው አንድ በጎ ፈቃደኛ የፈረንጅ መምህር ነበር፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ ሰውዬውን እየቆፈረ ትቶት አገሩ ገባ። ሰውዬውም ታማኝ ነው፤ እሑድ የለ፣ ጥምቀት የለ፣ ይቆፍራል።

ዶክተሩ ከአውሮፕላን ወርደው ሻንጣቸውን እንኳን ቤት ሳያደርሱ ስብሰባ ጠሩ።

«እኔ የምመራው ዩኒቨርሲቲ» አሉ በዝግታ፣ በተናደዱ ጊዜ ድምፃቸው ይቀንሳል፣ «ዓለም ሲያየው አንድ ሰውዬ በአካፋ አፈር ይዝቃል። መቼ ነው የሚጨርሰው? ምንስ ሊያወጣ ነው?»

የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ሁሴን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ሁሴን የደሴ ሰው ናቸው፤ ረጅም ከመሆናቸው የተነሳ በየበሩ ጎንበስ ማለት ለምደው ሜዳ ላይም አንዳንዴ ጎንበስ ይላሉ። «ዶክተር፣ ሰውዬው የኛ ሠራተኛ ነው እንዴ? እኔ የቀጠርኩት አይመስለኝም።»

«ሰውዬው ሥዕል ነው ሁሴን።»

«እንዲያ ከሆነ ደህና» አሉ አቶ ሁሴን፣ ከልባቸው ተንፍሰው።

እኔ ያን ሰሞን አጭር የኮምፒውተር ሥልጠና ወስጄ ነበር። ምስክር ወረቀቱ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። እጄ ከእኔ ጋር ሳይማከር ወደ ላይ ወጣ። «ዶክተር፣ እኔ ልሠራው እችላለሁ። ከሥር መሠረቱ አዲስ ዲዛይን እናወጣለታለን። ሰውዬውን አስወጣዋለሁ።»

ዶክተር ተፈራ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩኝ። «የቦርድ ሰብሳቢው ለምሥረታ በዓላችን ይመጣሉ። ያኔ ተመርቆ ማየት እፈልጋለሁ። ከተሳካልህ የኢንተርኔት ክፍል እከፍታለሁ፤ ኃላፊው አንተ ነህ። ካልተሳካልህ ደግሞ» አሉና ትንሽ አሰቡ፣ «አያት ያለው መጋዘናችን የሚቆጣጠረው ሰው የለም።»

አያት ሲባል የዛሬውን አያት እንዳታስቡ። ባቡሩን፣ ኮንዶሚኒየሙን፣ የገበያ አዳራሹን ከዐይናችሁ አጥፉት። ያኔ አያት ማለት ገብስ ነው። አልፎ አልፎ ቤት ሊሠራ የጀመረ ሰው ድንጋይ አራግፎ ሄዷል፤ ከዚያ ሌላ ገብስ ነው። ታክሲ አይደርስም። ከመገናኛ ወዲያ ያለውን መንገድ የጭነት መኪና ለምነህ፣ የቀረውን በእግርህ ነው። የኛ መጋዘን እዚያ ገብስ መሃል ቆሞ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችን ያከማቻል። አያት የተመደበ ሰው ደግሞ ለዓመት በዓል ካልሆነ ቦሌ አይታይም። ዓመት ሙሉ አልማዝን ሳላይ፣ ከሰባራ ወንበር ጋር ተፋጥጬ ልኖር ነው ማለት ነው። ግን ይኼን ከአፍታ በላይ አላሰብኩም፤ ደስታው አሸነፈኝ። የኢንተርኔት ክፍል ኃላፊ! በሩ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ በምን ቀለም እንደሚሆን ከስብሰባው ሳልወጣ ወስኜ ነበር።

ዲዛይኑን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በእርሳስ ነደፍኩት፤ እስከዛሬ እኮራበታለሁ። ከላይ የግቢያችን በር ትንሽ ፎቶ። ከሥር ምን ምን እንደምናስተምር። ከዚያ እንዴት መመዝገብ እንደሚቻል። አለቀ። የስልክ መስመር ላይ የሚሄድ ነገር ሸክሙ ቀላል መሆን አለበት ተብለን ተምረናል። ወረቀቱን ለአልማዝ አሳየኋት።

«ጥሩ ነው» አለች አገላብጣ እያየችው። «ግን ዶክተር የት አሉ?»

«ቢሯቸው የሉም?»

«እዚህ ወረቀት ላይ ነው የምልህ። የሉም እኮ።»

ያን ጊዜ አልገባኝም። በማግስቱ ኮሚቴ ሲቋቋም ገባኝ።

ኮሚቴያችን ዌብ ሳይት አይቶ አያውቅም፤ አይቶ የሚያውቀው ለምሥረታ በዓል የሚታተመውን ልዩ መጽሔት ነው። ታውቁታላችሁ፤ ገና ስትገልጡት የፕሬዚዳንቱ ፎቶና የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት፣ ቀጥሎ የምክትሉ፣ ቀጥሎ የአስተዳደሩ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ላውንጅ ኃላፊ ይወርዳል። ወደ ትምህርቱ ስትደርሱ መጽሔቱ አልቋል። አሁንም ሁሉም ጉርድ ፎቶውንና መልእክቱን በፖስታ ይዞ ከተፍ አለ። ወረቀቴን ዘርግቼ አስረዳሁ። የመስተንግዶ ኃላፊያችን እትዬ የሺ መነጽራቸውን አውልቀው በሐዘን አዩኝ። እትዬ የሺ ጠጉራቸውን ወደ ላይ ቆልለው የሚሠሩ፣ የማንንም ሰርግ ያለ ስህተት የሚመሩ ሴት ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ እንግዳ ቤትህ ሲመጣ ማን ነው የሚቀበለው? ባለቤቱ ነው ወይስ የአጥሩ በር?»

ምን ልበላቸው? እንዲያውም ልክ ናቸው ብዬ ሞቅ አለኝ።

ችግሩ ማን ይቅደም የሚለው ሆነ። ዶክተሩ መጀመሪያ እንደሚሆኑ አከራካሪ አይደለም። ከሳቸው በታች ግን ዲንና ዳይሬክተር ተፋጠጠ። አቶ ሁሴን «ጠብ ከሚነሳ በፊደል ተራ ይሁን» አሉ። የሳቸው ስም ከሀ ቤት መሆኑን ሁሉም ቆጥሮ ስለነበር ሐሳቡ ወዲያው ወደቀ። ክርክሩ ቀኑን ሙሉ ሄደ። በላያችን አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሁላችንም ዝም እንላለን፣ ሲያልፍ ካቆምንበት እንቀጥላለን። በመጨረሻ ያቺ እጄ እንደገና ወጣች።

«አንድ የጋራ ፎቶ እንነሳ። ሁላችንም እኩል እንታያለን።»

ተጨበጨበልኝ። አልማዝ ቃለ ጉባኤ እየያዘች ስለነበር ጭብጨባውን ሰማች፤ ከዚያ ወዲያ ዓለም የኔ ነበረች።

ፎቶ አንሺ ከጎረቤታችን ከአትላስ ሰፈር መጣ። ሁሉም ሱፍ ለብሶ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ተደርድሮ፣ ዶክተሩ መሃል ላይ ሆነው ተነሳን። ፎቶው ታጥቦ፣ ስካን ተደርጎ፣ ዌብ ሳይቱ ላይ ገባ። ሙከራ ለማየት ኮሚቴው በሙሉ አልማዝ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰበ። ለምን አልማዝ ጋ? ምክንያቱም በግቢው ውስጥ ቀጥታ ወደ ውጭ የሚወጣው ስልክ የሷ ብቻ ነው። ኮምፒውተሬን ከሷ ስልክ ጋር ሳገናኘው ያ ሞደም የሚባለው ሳጥን ያንቋርራል፣ ያፏጫል፣ ይቃትታል። እኔ ደግሞ በዚያ ድምፅ ልቤ ይደልቃል። ለኔ ዘፈን ነበር።

«ስልኬን ምን አደረግከው?» አለች አልማዝ። «ልክ በር ላይ ጅራቱ እንደተቀረቀረበት ድመት ነው እኮ የሚጮኸው።»

«ዓለምን እየጠራ ነው።»

«ሰው ዶክተርን ቢፈልግስ?»

«ዓለም ይቀድማል» አልኳት። ዐይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች፤ ግን ፈገግ ብላ ነው።

ያኔ ፎቶ በኢንተርኔት እንዴት እንደሚመጣ የማታስታውሱ ካላችሁ ልንገራችሁ። እንደ መጋረጃ ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ በስሱ፣ በስሱ ይወርዳል። መጀመሪያ ሰማይ መጣ። የቦሌ ሰማይ ነው፣ ደስ አለን። ቀጥሎ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ቆርቆሮ። ከዚያ አንድ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ጠጉር ነው። ከጠጉሩ ሥር ግንባር፣ ከግንባሩ ሥር ሁለት ዐይኖች።

«እኔ ነኝ መሰለኝ» አሉ አቶ ሁሴን በትንሽ ድምፅ።

እሳቸው ነበሩ። አቶ ሁሴን አፍንጫቸው መጣ፣ ፂማቸው መጣ፣ ፈገግታቸው መጣ። መሥመሩ እዚያ ላይ ደከመውና ቆመ። ከዩኒቨርሲቲያችን ስም በታች፣ ለዓለም ሕዝብ በሙሉ፣ የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ሁሴን ብቻቸውን ፈገግ ብለው ቆመዋል። ከብዙ ትግል በኋላ መጋረጃው እንደገና መውረድ ጀመረ። የእትዬ የሺ የጠጉር ቁልል መጣ። ዲኖቹ በየቁመታቸው መጡ። ዶክተር ተፈራ፣ እግዜር ከቁመት ቀንሶ እውቀት ላይ የጨመረላቸው ሰው ናቸው፣ ከሁሉም መጨረሻ፣ ከአቶ ሁሴን ክራባት ጎን ብቅ አሉ።

«ይኼ ማሽን» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «ሰው የሚያወጣው በምን መስፈርት ነው?»

«በቁመት ነው ዶክተር» አልኩ።

አልማዝ ሳል ያዛት። ስትስል ቆይታ ውኃ ልጠጣ ብላ ወጣች።

አቶ ሁሴን መልካም ሰው ናቸው። «ዶክተር፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እንደገና እንነሳና እኔ ልንበርከክ» አሉ። «የአስተዳደር ኃላፊ ተንበርክኮ ቢታይ ምን ጥፋት አጠፋ ነው የሚባለው» ተባለና ቀረ። «እንግዲያስ ልቀመጥ» አሉ። ወንበር መጣ፣ ፎቶ አንሺው እንደገና ከአትላስ መጣ፤ ግን አቶ ሁሴን ሲቀመጡ የሚያንሱት እምብዛም ነው። እሳቸውን ስናወርድ ደግሞ የእትዬ የሺ ጠጉር ሰማዩን ያዘ። እትዬ የሺን ጠጉር ዝቅ አርጊ የሚል ጀግና ከኮሚቴው አልተገኘም።

አሁን እጄ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣች። ይቺን እጅ ያኔ አስሬ ይዣት ቢሆን ኖሮ!

«ዋናው ደረጃ ላይ እንነሳ» አልኩ። «ዶክተር ከላይኛው መወጣጫ ላይ፣ የዩኒቨርሲቲው ስም ከተጻፈበት ሥር ይቆማሉ። ሌሎቻችን እንደየማዕረጋችን ወደ ታች እንሰለፋለን። ፎቶው ሲወርድ በማዕረግ ይወርዳል።»

ዶክተሩ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። በደስታ እብድ ልሆን ደረስኩ። አስቡት፤ በዓለም ላይ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው በማዕረግ የሚወርድ ፎቶ ያለው? ማንም! እኛ ብቻ ነን። ያን የእርሳስ ንድፌን፣ ያን ቀላሉን ነገር፣ እኔው ራሴ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት፤ የትምህርቱና የምዝገባው ጽሑፍ ብቻ በጎን በኩል ቀረ። ፎቶው ግን በደረጃው ልክ ረዘመ፣ በርዝመቱ ልክ ከበደ። ገጹን ከፍታችሁ አትላስ ድረስ በእግር ሄዳችሁ ማኪያቶ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ዶክተር ተፈራ ገና አገጫቸው ላይ ናቸው። የአቶ ሁሴንን ጫማ ለማየት ምሳ በልቶ መምጣት ያስፈልጋል።

የምሥረታ በዓሉ ቀን ደረሰ። ምረቃው የሚካሄደው በአዳራሹ ነው፤ ስልኩ ያለው ደግሞ ከግቢው ማዶ አልማዝ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ ረጅም የስልክ ሽቦ ገዝተን ከአልማዝ መስኮት አውጥተን፣ በግድግዳው ጥግ አስጠግተን፣ እስከ አዳራሹ ድረስ ሳብነው። መግቢያው ላይ ሽቦው በሩን ማቋረጥ ነበረበት። መሬት ላይ ቢሆን እንግዳ ይደናቀፋል ብለው አቶ ሁሴን በገዛ እጃቸው ከላይ ከግራ ቀኙ መቃን ላይ አሰሩት። በሳቸው ቁመት ከላይ ስለሆነ የማንም ራስ አይነካውም።

እኔ አዳራሽ ገብቼ ኮምፒውተሩን ሳሰናዳ እትዬ የሺ በር ላይ ቆመው ሽቦውን አዩት።

«ይኼ የልብስ ማስጫ ነው የሚመስለው። ትልቅ ሰው በዚህ ሥር ነው የሚያልፈው?»

እትዬ የሺ አስቀያሚ ነገር አይወዱም። ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሪባን ጠመጠሙት፤ መሃሉ ላይ ትልቅ አበባ አሰሩበት፤ ከግራና ከቀኝ ፊኛ አንጠለጠሉበት። አምሮ ነበር፤ እኔም ከውስጥ ሆኜ «እጅዎ ይባረክ እትዬ የሺ» ብያቸዋለሁ። ለምረቃው የታሰበው ሪባን ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩን ዙሪያውን እንደ ስጦታ አስረንበታል፣ ሰብሳቢው እሱን ይቆርጣሉ። መቀሱም በትሪ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ፣ እትዬ የሺ እጅ ላይ ተዘጋጅቷል።

ግንኙነቱን ቀድሜ ጀመርኩ፤ እንግዶቹ ሲገቡ ፎቶው ቢያንስ እስከ ዲኖቹ እንዲደርስ ብዬ። አልማዝ ቢሮዋ ሆና በሷው መሥመር ላይ ያለውን የዶክተሩን ስልክ ማንም እንዳያነሳ ትጠብቅልኛለች፤ የስልኩ እጀታ ከተነሳ መሥመሩ ይበጠሳልና። ጽሑፉ መጣ። የዩኒቨርሲቲው ስም መጣ። የዶክተሩ ጠጉር፣ ግንባር፣ መነጽር መጣ። ልቤ ከመጋረጃው ጋር አብራ ትወርዳለች። ከውጭ መኪና ቆመ። የቦርድ ሰብሳቢው መጡ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ሲራመዱ አይቸኩሉም። ዶክተር ተፈራ ከጎናቸው፣ ሌሎቹ ከኋላ።

እኔ ያላየሁት ነገር ያ ሁሉ አበባና ፊኛ ክብደት እንዳለው ነው። ሽቦው ከጠዋት ጀምሮ ቀስ እያለ ሲረግብ ውሎ፣ ሰብሳቢው በሩ ላይ ሲደርሱ ልክ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቃቸው። ሰብሳቢው ቆሙ። በሕይወታቸው ስንት ሕንፃ፣ ስንት ድልድይ፣ ስንት ወፍጮ ቤት መርቀዋል። ፊት ለፊታቸው ባለ ሦስት ቀለም ሪባን አለ፣ መሃሉ ላይ አበባ አለ። ወደ ጎን ሳይዞሩ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ የሺም የተዘረጋ የክብር እንግዳ እጅ አይተው ምን ማድረግ እንዳለባቸው ሊያስቡ አይችሉም፤ እጃቸው ራሱ ያውቃል። ትሪውን አቀረቡ።

አፌን ከፈትኩ። ጭብጨባው ቀደመኝ።

ቀጭ አለ። ሽቦው ከነአበባው ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ ወደቀ። ሞደሙ አንዴ ተንፍሶ ዝም አለ። ኮምፒውተሩን አየሁት። መጋረጃው ዶክተሩ ደረት ላይ፣ ክራባታቸው ቋጠሮ ላይ ደርሶ ቆሟል። ከዚያ በታች ነጭ ነው። ዲኖቹ የሉም፣ እትዬ የሺ የሉም፣ አቶ ሁሴን የሉም። እንግዶቹ ወደኔ እየመጡ ነው። እኔ ግን በሐሳቤ አያት ደርሼ ሰባራ ወንበር እየቆጠርኩ ነበር። አልማዝን እንኳን ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ ሳላያት ልሄድ ነው።

ሰብሳቢው ሁለተኛውን ሪባንም ቆረጡ፤ ሰውዬው መቀስ ከያዙ አይመለሱም። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ከላይ የዩኒቨርሲቲው ስም። ከስሙ ሥር ዶክተር ተፈራ፣ ብቻቸውን። በጎን በኩል ምን እንደምናስተምርና እንዴት እንደሚመዘገብ። የቀረው ሁሉ ነጭ።

«ንጹሕ ነው» አሉ ሰብሳቢው። «እኔ እኮ መጽሔት መስሎኝ ነበር የፈራሁት፤ ሁሉም ፊቱን የሚደረድርበት። ልጆቹ የሚፈልጉትን እዚሁ ያገኙታል። በጣም ጥሩ ነው።»

«እኛስ የት ገባን?» አሉ እትዬ የሺ በሹክሹክታ። አቶ ሁሴን ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው ፈለጉ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ወደ ዶክተሩ ጆሮ ጠጋ ብዬ «ዶክተር፣ ሽቦው ተቆርጧል፤ ፎቶው ገና አላለቀም» አልኳቸው። ዶክተር ተፈራ ዐይናቸውን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሱም። ዐይናቸው ላይ እንባ ያየሁ መሰለኝ።

«ይብቃው» አሉኝ በቀስታ። «እዚሁ ላይ ይቁም።»

እዚያው፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት፣ የኢንተርኔት ክፍል መከፈቱንና ኃላፊው እኔ መሆኔን አወጁ። ዘልዬ ጣሪያ አለመንካቴ ይገርመኛል። አልማዝ ከቢሮዋ እየሮጠች መጣች፤ «ስልኬ ሞቷል» ልትል ነበር አመጣጧ፣ ጭብጨባውን ስታይ እሷም አጨበጨበች። እኔም ሰው መሃል መሆናችንን ረስቼ እጇን ያዝኳት። ቶሎ አልነጠቀችኝም።

በማግስቱ ዶክተሩ አስጠሩኝ። ሊመርቁኝ ይመስል ቆመው ተቀበሉኝ።

«ቃሌን ጠብቄያለሁ። ክፍልህ የሚሆነውን ቦታም አግኝቼልሃለሁ። ሰፊ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ አውሮፕላን አይረብሽህም።»

«የት ነው ዶክተር?»

«አያት። መጋዘኑን ግማሹን ነፃ እናደርግልሃለን።»

«ዶክተር፣ አያት እኮ ካልተሳካልኝ ነበር።»

«እሱማ ተቆጣጣሪ ሆነህ ነበር። አሁን ኃላፊ ሆነህ ነው የምትሄደው» አሉኝ። ከዚያ ወደ በሩ አየት አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ልጄ፣ አትቀየመኝ። አንተ እዚህ ካለህ እኔ ስልክ የለኝም።»

እንዲህ ሆኜ፣ ስልክ በሌለበት፣ የኢንተርኔት ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ጠረጴዛዬ ከሰባራ ወንበሮቹ መሃል ተዘረጋ። በዙሪያዬ ያለው ገብስ እንጂ ሌላ አልነበረም። እኔ ግን ታውቁኛላችሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ሞቅሁ። የስልክ ሰዎቹ ዘንድ እየተመላለስኩ ለመንኩ። «ጉድጓዱን ከቆፈራችሁ ምሰሶውን እናመጣለን» አሉኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ቆፋሪ የሚባል ሰው ግን ከኔ በቀር አልነበረም። ከመጋዘኑ አካፋ አወጣሁ። ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ ከአንድ ሣጥን ሥር ሄልሜት አገኘሁና ራሴ ላይ ደፋሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወገቤን ይዤ ስቆፍር የዩኒቨርሲቲው ሰርቪስ አቧራ እያስነሳ መጥቶ ቆመ። አልማዝ ወረደች። በእጇ «የኢንተርኔት ክፍል ኃላፊ» የሚለውን የበር ጽሑፌን ይዛለች፤ ዶክተሩ አስቀርጸው ልከውልኝ ነው። ጥቂት እርምጃ መጣችና ቆመች። አየችኝ። አካፋውን አየች፣ ሄልሜቱን አየች። ቢጫ ነበር። ከዚያ ሳቅ ያዛት። ጽሑፉን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ ሆዷን ይዛ፣ መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች።

«አንተን እኮ አውቅሃለሁ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ዶክተር ከዌብ ሳይቱ ካባረሩህ ወዲህ የት ገባህ እያልኩ ሳስብ ነበር።»

እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ በላይ ምን አደርጋለሁ። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተጠግታ ወደ ውስጥ ተመለከተች።

«ብዙ ይቀርሃል?»

«ይቀረኛል።»

የሰርቪሱ ሹፌር ጥሩንባ ነፋ፤ ወደ ቦሌ ሊመለስ ቸኩሏል። አልማዝ ዞር ብላ «አንተ ሂድ፤ እኔ በታክሲ እመለሳለሁ» አለችው።

ያን ጊዜ አያት ታክሲ እንደማይደርስ ነግሬያችኋለሁ። እሷም ታውቅ ነበር።